የእናቴ ጉልበትና አራተኛው ፎቅ

እናቴ አስተማሪ ነበረች። ካዛንቺስ ከነበረው ቤታችን ስታዲየም አካባቢ እስካለው ትምህርት ቤቷ ድረስ በእግሯ ነበር የምትሄደው፤ ታክሲ የምትሳፈረው ዝናብ ሲያይል ብቻ ነው። እኔም እዚያው ስለምማር ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን። ወፍራም ነበረች፤ አካሄዷ ግን የቀጭን ሰው ነው። እኔ ቦርሳዬ ጀርባዬን እየደበደበኝ ከኋላ ከኋላዋ እሮጣለሁ። ዞር እንኳ ሳትል «ደወሉ እኛን ብሎ አይቆምም» ትለኛለች።

አምስተኛ ክፍል ይሁን ስድስተኛ እያለሁ፣ አንድ ቀን ልብ ስል መሮጥ ትቻለሁ። ጎን ለጎን ነው የምንሄደው። እግሬ የረዘመ፣ ያደግሁ መስሎኝ ደስ አለኝና ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ መካኒክ ነው። ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት አስነስቶ ጆሮውን ይሰጠዋል፤ ሥራው መስማት ነው ማለት ይቻላል። ወሬዬን አዳምጦ «የፈጠንሽው አንቺ አይደለሽም» አለኝ።

እሱ ቀድሞ አውቋል። እናቴ ጎሕ ሲቀድ ተነስታ ትጸልይና ትሰግድ ነበር። ከስግደቷ ቀና ስትል ጉልበቷ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያወጣል። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማዋል። አንድ ሁለቴ ሊያነሳባት ሞክሮ «ጉልበቴ መኪና አይደለም፤ አርፈህ ተኛ» ብላ አፉን አስይዛዋለች። ትምህርት ቤትም ፎቅ ላይ የነበረውን ክፍሏን ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ ምድር ወርዳ ነበር። ለዳይሬክተሩ የሰጠችው ምክንያት የመንገዱ ጩኸት ነው። ምድር ቤቱ ለመንገዱ የባሰ እንደሚቀርብ የተናገራት ሰው የለም።

ነገሩ ከመደበቅ ሲያልፍ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ የቅልጥም መረቅ ትጠጣ አለች። ሌላዋ ለጋ ቅቤ ከነጭ ሽንኩርት ጋር አሙቃ ቀባቻት፤ ቤታችን ለሳምንት ወጥ ወጥ ሸተተ። ወጌሻ ዘንድም ተወሰደች። አሽቷት ሲጨርስ ቀለል ያላት መስሏት በደስታ መጣች፤ በማግስቱ ጉልበቷ አብጦ ጫማዋን ማሰር አቃታት። ከሁሉ የተሻለላት ፍልውሃ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት እሄዳለሁ። ከሙቁ ውኃ ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ፣ እግሯ ለቆላት፣ የካዛንቺስ አቀበት ጋ እስክንደርስ ድረስ የድሮ አካሄዷን ትሄዳለች። ሰኞ ጠዋት ግን ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ክኒን መጀመሯን ማንም አላወቀም። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ እየገዛች ቦርሳዋ ውስጥ ከጠመኔዋ ጋር ትይዘው ነበር። ጠዋት ትውጣለች፤ ቀን ትደግማለች። ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሰው ናት፤ ክኒኑን ግን «መድኃኒት ጾም አይፈታም» ብላ በባዶ ሆዷ መውሰዷን ቀጠለች። ሆዷን ሲያቃጥላት የጾሙ ነው ትላለች።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጾሙ ሊያልቅ ሲል፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ወደቀች። እኔ ከጎን ባለው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ተማሪዎቿ ሲጮኹ ሰምቼ ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ግድግዳው አስደግፋ፣ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ነጠላው ላይ ያየሁት የቡና አተላ የመሰለ ነገር ነበር። ሆስፒታል ስትደርስ ደም ያስፈልጋል ተባለ፤ አባቴ የጋራዥ ቱታውን ሳያወልቅ ክንዱን ዘረጋ።

ያከሟት ሐኪም ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። እናቴ የጨጓራ ሕመምተኛ ነኝ አለቻቸው። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ሲሏት አንሶላውን ወደ ላይ ሳበች። እኔ ቦርሳዋን ለመያዝ ስነሳ የክኒኑ ካርቶን ከቦርሳው ኪስ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር፤ እሳቸውም አይተውታል። አልተቆጡም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና «እመቤቴ፣ ሆድዎን ያደማው ጉልበትዎ ነው» አሏት።

ሲሻላት ቆማ ራጅ እንድትነሳ አደረጉ። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዘው ለሦስታችንም አሳዩን። በግ ሲታረድ የጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ አሉ። ልም አጥንት ይባላል። ሁለት አጥንቶች ሲገናኙ ሳይፋጩ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። በፊልሙ ላይ እሱ ራሱ አይታይም፤ በአጥንቶቹ መካከል ባዶ ቦታ መስሎ ነው የሚታየው። በእናቴ ጉልበት ውስጠኛ በኩል ያ ቦታ ጠብቦ ክር አክሏል።

አባቴ ፊልሙን ጠጋ ብሎ አየውና «እንደ መኪና ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው?» አለ።

ሐኪሙ ፈገግ አሉ። «ቀርበዋል። ኩሽኔታ ግን ሲያልቅ ይለወጣል። ይሄኛውን መልሶ የሚያበቅል ክኒን የለንም። ደም ሥር የለውም፤ ደም የማይደርሰው ነገር ደግሞ በቀላሉ አይሽርም።»

ከዚያ ምን መደረግ እንዳለበት አስረዱን። ያ ክኒን ከእንግዲህ ሐራም ነው። ለሕመሙ ሆድ የማይጎዳ ቀለል ያለ ማስታገሻ ይበቃል። ክብደቷን ትቀንስ፤ በደረጃና በቁልቁለት የሰውነቷ ጫና ብዙ እጥፍ ሆኖ ጉልበቷ ላይ ያርፋል። የጭኗን ጡንቻ ታጠንክር፤ ጡንቻው ሲጠነክር ጉልበቷን ሸክም ያግዘዋል። ምርኩዝ ከያዘች ደግሞ ከሚያማት እግር በተቃራኒው እጅ ትያዝ። ሙሉ መገጣጠሚያውን የሚለውጥ ቀዶ ሕክምና በዓለም ላይ አለ፤ እኛ አገር ግን ገና እንደ ልብ አይገኝም፤ እሷም በዕድሜዋ ገና ናት፣ ሰው ሠራሽ ነገር ያረጃል አሉ። እናቴ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፤ ማስተማር ትችል እንደሆነ። «በደንብ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደህና ዓመታት ነበሩ። ሰው ስለ ጉልበቷ ሲያወራ የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ የሆነውን ነው፤ እኔ ግን እነዚያንም አልረሳም። እናቴ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሸዋ የሞላበት የካልሲ ከረጢት አስራ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የተማሪ ደብተር እያረመች እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች፤ ታወርዳለች። አንድ ደብተር በቀኝ፣ አንድ ደብተር በግራ ነበር ሕጓ። ድርሰቱ ረዥም የሆነ ተማሪ ሲገጥማት እግሯ እየተንቀጠቀጠ ታማርራለች። እንጀራዋን ቀነሰች። ክብደቷ ሲወርድ ቀሚሶቿን ሁሉ አስጠበበች፤ ይህም ደስ ሳይላት አልቀረም።

አባቴም የራሱን ሠራ። ግቢያችን የቀበሌ ቤት ነው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ዓይነት ነበር። እናቴን ከምንም በላይ ያሰቃያት እሱ እንደሆነ ያወቅነው ቆይተን ነው፤ ላለመሄድ ስትል ቀኑን ሙሉ ውኃ አትጠጣም ነበር። አባቴ ከጋራዡ የአሮጌ መኪና ወንበር ብረት አመጣና ቆርጦ፣ በይዶ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ መቀመጫ ሠራላት። ክንድ ማሳረፊያም አለው። የግቢው ሰው መጀመሪያ ሳቀ። «የንግሥት ዙፋን» አሉት። ወር ሳይሞላ ግን ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ እየፈሩ እየቸሩ መጥተው መዋስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ፤ ከዚያ የምጥ ቀኗ የደረሰ ሴት ጠየቀች። በመጨረሻ እዚያው ተተከለና የግቢው ሁሉ ሆነ።

ሕመሙ ሲበረታ ጉልበቷ ውስጥ መርፌ ተወጋች። የመጀመሪያው ተአምር ነበር። ክረምቱን ሙሉ አላመማትም፤ በመስከረም የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ እስክስታ ወርዳ ሁላችንንም አስደነገጠችን። ሁለተኛው መርፌ ያገለገላት ግማሹን ያህል ነው። ሦስተኛው ሲወጋ ሐኪሙ ራሳቸው፣ ከዚህ በኋላ መደጋገሙ የቀረውንም ልም አጥንት ይጎዳዋልና ይብቃን አሉ።

እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ሆቴል ሒሳብ ክፍል ተቀጠርኩ። እናቴ ጡረታ ወጣች። ጡረታ ስትወጣ እግሮቿ ወደ ውጭ ጎብጠው ነበር፤ ስትቆም በጉልበቶቿ መካከል ውሻ ያልፋል እያለች በራሷ ትቀልዳለች። ጎዳናውም አብሮ ተለወጠ። ካዛንቺስ በአንድ በኩል እየፈረሰ በአንድ በኩል ፎቅ እየበቀለበት ነበር። የእኛም ግቢ ተራው ደረሰና ይነሳል ተባለ። ወደ ከተማ ዳር ከመውጣት ተርፈን እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። ዕጣው የጣለን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለውም።

የገባን ቀን እናቴ ወደ ላይ የወጣችው በየፎቁ ወንበር እያወጣንላት፣ እየተቀመጠች ነው። ቤቱ ብርሃን ነበር፤ ውኃ አለው፤ ሽንት ቤቱ የሚቀመጡበት ነው። አባቴ ግድግዳውን እየነካ ዞረ። እሷ በረንዳው ላይ ቆማ ወደ ታች አየችና «ቆንጆ ነው» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ መውረዷ እየቀነሰ መጣ። መጀመሪያ ለቅዳሴም ለለቅሶም ትወርድ ነበር፤ መደገፊያ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ደረጃው አዙራ፣ የኋሊት። ከዚያ ለቅዳሴ ብቻ። ከዚያ ያም ቀረ። ስቅለት ቀን ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲሄድ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አየኋት። አላለቀሰችም። ሰላምታ የሚሰጣትን ሁሉ በእጇ ሰላም ትላለች፤ ከታች ሲያዩአት ደህና ሰው ትመስላለች።

አባቴ ቤት የሚቀይረን ሰው ፍለጋ ገባ። ምድር ቤት የሚኖር አንድ ቤተሰብ እሺ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። ያንን ሲነግራት እናቴ አቋረጠችው።

«ቤቱ ቢወርድ ጉልበቴ አብሮ አይድንም። ምድር ቤት ሆኜም ከበሩ አላልፍም። የሚለወጠው ቤቱ ሳይሆን ጉልበቴ ይሁን።»

አባቴ ደነገጠ። ቀዶ ሕክምናው በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ መሠራት ጀምሮ ነበር፤ የሚሠሩት ሐኪሞች ግን ጥቂት፣ ወረፋውም ረዥም ነበር። አባቴ ስንት ሞተር አውርዶ የገጠመ ሰው ነው፤ የሚስቱ እግር ይከፈታል ሲባል ግን ፈራ። መኪና አልነሳ ቢል ሌላ ቀን ይሞከራል፣ አለኝ ለብቻዬ።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣት፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ነበር። አዲሱን ራጅ አየ፤ የቀረ ክፍተት የለም፣ አጥንት አጥንት ላይ ተቀምጧል። አባቴ ልም አጥንቱን መጠገን አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀው፤ አንድ የሚያውቀው የኳስ ተጫዋች በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ጠግነውለት ድኖ ነበር። ሐኪሙ ጥያቄውን አልናቀውም። ወጣት ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ የተቦደሰበት ሰው ከሆነ ይቻላል አለ። የተቦጨቀው ይጸዳል፤ ወይም ሥሩ ያለው አጥንት በጥቃቅኑ ይበሳና የሚወጣው ደም ጠባሳ ሠርቶ ቀዳዳውን ይሸፍነዋል። በውጭ አገር ደግሞ ከሰውየው ልም አጥንት ወስደው፣ አባዝተው፣ መልሰው የሚተክሉም አሉ። «ጉድጓድ የሚደፈነው ግን ዙሪያው አስፋልት ሲኖር ነው» አለ። «የእናታችን መንገድ ሙሉውን ተበልቷል።»

ከዚያ ስለ አደጋው ነገራት፤ አንዱንም አላለሰለሰውም። ደም ሊረጋ ይችላል። ኢንፌክሽን ከገባበት የተተከለውን እስከ ማውጣት ሊያደርስ ይችላል። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመም ማምለጥ የለም። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችና በመጨረሻ፣ በአዲሱ ጉልበት መስገድ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። አንዳንዶች ይንበረከካሉ፤ ብዙዎቹን ግን አይመቻቸውም፤ እኔም እንዲሰግዱበት አልመክርዎትም አላት።

ያን ሁሉ አደጋ ሰምታ ፊቷ ያልተለወጠው ሴት በዚህ ተሰበረች። ቤት እንደገባን የንስሐ አባታችን ይጠሩልኝ አለች። ሽማግሌ ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ፣ መስቀላቸውን ከማሳለማቸው በፊት ውኃ ጠየቁ። እኔ ጓዳ ብሆንም ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«አባቴ፣ ይህን ካደረግሁ ስግደቴን በገዛ እጄ ቆርጬ መጣሌ አይደለም?» አለቻቸው።

«ለመጨረሻ ጊዜ የሰገድሽው መቼ ነው፣ ልጄ?»

«ቆይቷል» አለች።

«ታዲያ የትኛውን ስግደት ነው የምትቆርጪው?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። በግንባር መሬት ነክቶ መውደቅ አንዱ ስግደት ነው፤ አንገትን ዝቅ ማድረግም ስግደት ነው፤ አድንኖ ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን ለደካማ የሰጠችው ነው። «አሁን የቀረብሽ ስግደቱ ብቻ አይደለም። ቅዳሴው ቀርቶብሻል፤ ሰው ቀርቶብሻል። ቆመሽ ነይና በአንገትሽ ስገጂ።»

ወረፋው ደረሰ። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ከእኛዎቹ ጋር አብረው የሚሠሩበት ሳምንት ነበር። መጀመሪያ ቀኙ፤ ከተሳካ ግራው በሌላ ጊዜ ይሆናል ተባለ። ከወገቧ በታች ብቻ በመርፌ ስላደነዘዟት ነቅታ ነበር። በኋላ ስትነግረን፣ ጨርቅ ስለተጋረደባት ምንም አላየችም፤ ድምፁን ግን ሰምታለች፤ መጋዝ፣ መዶሻ፣ «ያንን አቀብለኝ» የሚል ሰው። «አናጢ ቤት ያስገባችሁኝ መሰለኝ» አለች። «የእኔ እግር መሆኑን ረስቼ፣ ምን እየሠሩ ይሆን ብዬ ሳዳምጥ ነበር።»

አባቴ ውጭ መቀመጥ አልቻለም። አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ የግድግዳውን ማስታወቂያ ያነባል። በኋላ ጠፋ። ቀዶ ሐኪሙ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ ሲወጣ አባቴ የለም። ሮጬ ስፈልገው ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ የማያውቀው ሰው መኪና አልነሳ ብሎት፣ ኮፈኑ ሥር ገብቷል። ሐኪሙም ተከትሎኝ ነበር። አባቴ ቀና አለ፤ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነው።

«ጨርሰናል፤ ጥሩ ነው» አለው ሐኪሙ።

አባቴ ሊጨብጠው እጁን ዘረጋና ግሪሱን አይቶ መለሰው። ሐኪሙ ክንዱን ያዘው። መኪናዋም ያን ጊዜ ተነሳች።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ አቆሟት። ቆመች። ሁላችንም አለቀስን። ሆስፒታል ሳለች ሁሉም ጥሩ ነበር፤ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራላት ልጅ ፈጣን አፍ ያላት፣ ሳቂታ ወጣት ነበረች።

«ማዘር፣ በቃ ዛሬ ዘጠና ዲግሪ ካልታጠፈ አንላቀቅም» ትላታለች።

«መጀመሪያ ‹ማዘር› የሚለውን ተይው። ከዚያ እናጥፋለን» ትላለች እናቴ።

ደረጃ ያስተማረቻት እሷ ናት። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታከመው። «ጻድቅ ወደ ላይ፣ ኃጥእ ወደ ታች ብለው ይያዙት» አለቻት። እናቴ ይህን ወደደችው፤ ግን የታከመው እግር ምን በድሎ ኃጥእ እንደተባለ ጠይቃ ልጅቷን አስጨነቀቻት። «ሲድን ጻድቅ ይሆናል» አለች ልጅቷ፤ ታረቁ።

ቤት ስንመለስ ነው እንቅስቃሴውን ያቆመችው። ቁስሉ ደርቋል፤ ጉልበቷ ግን አልታጠፍ አለ። ማጠፍ ስትጀምር ላብ ፊቷን ያጥባታል፤ ትተወዋለች። ነገ ትላለች። ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ ለካው፤ ደስ አላለውም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ካልተሻሻለ አደንዝዘን በእጅ ማጠፍ ሊኖርብን ነው አለ። ያን ቀን ደረጃውን ስትወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ «እግሬን እንደነበረ መልሱልኝ» አለች። ያን ያህል ተስፋ ቆርጣ አይቻት አላውቅም።

አባቴ በማግስቱ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጠ። አንዱ ላይ እሷን፣ አንዱ ላይ ራሱን። ምንም አልመከራትም። «አንቺ ስታጥፊ እኔም አጥፋለሁ፤ አንቺ ስትይዢ እኔም እይዛለሁ» ብሎ ብቻ ጀመረ። ጠዋት፣ ከምሳ በፊት፣ አመሻሽ ላይ። እግራቸው በአንድ ላይ ወንበሩ ሥር ይገባል፣ ይወጣል። እሷ ስትቆጥር እሱ ይቆጥራል፤ ስታቃስት ያቃስታል። ለማስመሰል ነው ብለን ስቀንበት ነበር። አንድ ቀን ግን እግሩን ሲያጥፍ የእሱም ጉልበት ቋ አለ። እናቴ መቁጠሯን አቆመች።

«ያንተም ይጮሃል» አለች፤ ከብዙ ቀን በኋላ ከልቧ ስትስቅ ሰማኋት።

ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ። ቀስ እያለ ነው፤ ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም። ማደንዘዣውም አላስፈለገም። መጀመሪያ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወርዳ ተመለሰች፤ ከጎረቤት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቀችው ያኔ ነው። ከዚያ እስከ ምድር። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ልጆች ኳስ ሲራገጡ አየች፤ ስድባቸው ሰዋስው የለውም ብላ አረመቻቸው። በሚቀጥለው ስቅለት ምርኩዟን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዙሪያዋ ሰው እየወደቀ ሲነሳ እሷ ቆማ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ቀና ትላለች። ግራ እግሯ ሲደክማት ክንዴን ትይዛለች። እስከ ማታ ቆየን። ስንወጣ ስለ ስግደቱ አንድም ቃል አላነሳችም፤ ምን እንደምንበላ ነው የጠየቀችኝ።

ግራውን ለማሠራት ማንም አላግባባትም። ራሷ ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ ቀጠሮ ይዛ መጣች፤ አባቴን «ወንበሮቹን አዘጋጅ» አለችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ አላመማትም፤ ልዩነቱ ሕመሙ እንደሚያልፍ ማወቋ ነበር። እግሮቿ ቀጥ አሉ። ቁመቷ ጨመረ ብንላት ሐሰት አይሆንም፤ ቀሚሶቿ አጠሩባት። እርግጥ ሁሉም አልተመለሰላትም። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አትቀመጥም፤ መሬት የወደቀ ነገር የምታነሳው ወንበር ይዛ ነው፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቷ ዙሪያ ይከብዳታል። እነዚህን እንደ ጎረቤት ጠባይ ለምዳቸዋለች።

ከዓመት በኋላ ለክትትል አብሬያት ሄድኩ። ቀዶ ሐኪሙ አይቷት ሲጨርስ አንድ ነገር ለመናት። ዋርድ ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ ነገ ጉልበቷ ሊሠራ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ወደ ቤቴ እሄዳለሁ ብላ ልብሷን ለብሳለች፤ ቢያነጋግሯት አለ።

ሴትዮዋ በእናቴ ዕድሜ ትሆናለች። እግሮቿ እናቴ ጡረታ ስትወጣ እንደነበሩት ጎብጠዋል። ጫማዋን አድርጋ፣ ፌስታሏን ጭኗ ላይ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች። ከየት እንደመጣች፣ ስንት ልጆች እንዳሏት ጠየቀቻት። ስለ ቀዶ ሕክምናው ቆይታ ነው ያነሳችው፤ አላቆለጳጰሰችውም።

«ያማል» አለቻት። «የነገሩሽ ሁሉ እውነት ነው። ትንሽ ጊዜ እኔንም ዶክተሩንም ትረግሚናለሽ። ከዚያ አንድ ቀን ለዳቦ ትወጪና ማመሙን ሳታስቢው ትመለሻለሽ።»

ሴትዮዋ አላመነቻትም መሰለኝ። እናቴ የቀሚሷን ጫፍ ከፍ አድርጋ ሁለቱን ረዣዥም ጠባሳዎች አሳየቻት፤ እግሯን ዘረጋች፣ አጠፈች። ሴትዮዋ እጇን ልካ ጉልበቷን በመዳፏ ሸፈነችው፤ ትንሽ ያዘችው።

«ብረት ነው አላሉም? ይሞቃል እኮ» አለች።

«ቆዳው የራሴ ነው» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ፌስታሏን ከጭኗ ላይ አንስታ ኮሞዲኖው ላይ አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ስትቸገር፣ እኔ ዝቅ ብዬ ፈታሁላት።